ወካዩ ነዋሪና የፋሲካው በሬ

የእኔ ሙያ ሰው ሳያዩ ስለ ሰው መናገር ነው። ጠንቋይ አይደለሁም፤ ጠንቋይ እንኳ የመጣበትን ሰው ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ነው የሚዋሸው። እኔ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነኝ። ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ አገሩ ሁሉ ዋጋ ሲጨምር ምን እንደሚያደርግ፣ ደመወዝ ሲዘገይ ምን እንደሚያስብ፣ ነገ ይከፋል ሲባል ዛሬ ምን እንደሚገዛ በቀመር እጽፋለሁ።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ቀመር ውስጥ እንዴት ይገባል ትሉኝ ይሆናል። አይገባም። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ እናስገባለን። «ወካይ ሰው» ይባላል። ይህ ሰውዬ ለሁላችንም ይበላል፣ ለሁላችንም ይቆጥባል፣ ለሁላችንም ያስባል። አይታመምም፣ አያረጅም፣ አማት የለውም። ዘመድ ከገጠር መጥቶበት አያውቅም። ጠዋት ሲነሳ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን አስልቶ ይጨርሳል። ተናዶ ዕቃ ሰብሮ፣ አፍሮ ያልፈለገውን ገዝቶ፣ ጎረቤቱን ለማብገን ብሎ የራሱን ጥቅም ጥሎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ልደታ አካባቢ ካያችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ያላገባች እህት አለችኝ።

ዘንድሮ ፋሲካ ሲቃረብ እኔ ይህን ሰውዬ ከቢሮ አውጥቼ ሰፈር ይዤው መጣሁ። ያመጣብኝን ጣጣ ነው የማጫውታችሁ።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። በእኛ መወጣጫ ሃያ በር አለ፤ በየዓመቱ ለፋሲካ በሬ ተገዝቶ ቅርጫ ይገባል። ቅርጫውን ለዓመታት የመሩት ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛው አቶ ነጋሽ ናቸው። አሠራራቸው ሲያዩት ያደክማል። በዓሉ ሲደርስ በየበሩ እያንኳኩ «ዘንድሮስ ትገባላችሁ? እንግዳ አለባችሁ? ጤና እንዴት ነው?» እያሉ ይዞራሉ። በየቤቱ ይቀመጣሉ፣ በየቤቱ የጾም ምግብ ይቀምሳሉ፣ በየቤቱ ወሬ ይሰማሉ። በበዓሉ ቀን ደግሞ ጉበቱም፣ ሻኛውም፣ ጨጓራውም ተከትፎ ለእያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሳል፤ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። እኔ ይህን በየዓመቱ ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ ስመለከት እንደ ባለሙያ አንጀቴ ያርር ነበር። አንድ ጉበት ለመከፋፈል ግማሽ ቀን!

ዘንድሮ የአቶ ነጋሽ ጉልበት ደረጃ አላስወጣ አላቸውና በስብሰባ ላይ «ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

«ዶክተር አለልን አይደል እንዴ!» አሉ ከእኛ በታች የሚኖሩት እትዬ ዘነበች።

ዶክተር አይደለሁም። ትምህርቱን ጀምሬ ነበር፤ ሳልጨርሰው ቀረሁ። ብሎኩ ግን ጨርሶልኛል። እኔም እስካሁን አላረምኳቸውም፤ ሰው በወደደው ስም ሲጠራችሁ ዝም ማለት ትሕትና ነው።

«ልጄ» አሉ አቶ ነጋሽ ሥልጣን ሲያስረክቡኝ፣ «መጀመሪያ ቤት ለቤት ዙር።»

«አያስፈልግም፣ ጋሼ።»

«እንዴት አያስፈልግም?»

«ሁሉንም ነዋሪ አንድ ዓይነት አድርገን እንወስዳለን። አንዱን ካወቅን ሁሉንም አወቅን ማለት ነው።»

«አንዱ ማን ነው?»

እሱን እንኳ አላሰብኩበትም ነበር። በቅርብ የማገኘው ሰው ግን እኔው ራሴ ስለሆንኩ «እሱን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው። አቶ ነጋሽ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ያን ጊዜ አክብሮት መስሎኝ ነበር።

ዕቅዴን እራት ላይ ለባለቤቴ ለስንዱ አስረዳኋት። ስንዱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ከሒሳብ አስተማሪ ጋር መኖር ከኦዲተር ጋር እንደ መኖር ነው። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ጉበቱ ሳይከተፍ ለአንድ ሰው፣ ሻኛው ሳይከተፍ ለአንድ ሰው፣ ሌላውም እንዲሁ በሚዛን እኩል እየሆነ ይመደባል። ዕጣ ይወጣል። ከዚያ ሰዉ እርስ በርሱ ይለዋወጣል፤ ጉበት የፈለገ ጉበት፣ ጎድን የፈለገ ጎድን ያገኛል። ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳይጮህ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

ስንዱ የጠቀለለችውን ጉርሻ አየር ላይ አቆመችው። «ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ሁሉም የሚወደው አንድ ከሆነ ማን ከማን ጋር ይለዋወጣል?»

በእኛ ሙያ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለ። «እሱ ቴክኒካል ጉዳይ ነው» አልኳት።

«እሺ፤ ሽሮ ይጨመርልህ?» አለችኝ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ሁለት ጭልፋ አስጨመርኩ።

ቀጥሎ በሬ መግዛት ነበረብኝ። ለዚህ ሥራ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረውን ቶሌራን መረጥኩ። ቶሌራ ባንክ የሚሠራ ወጣት ላጤ ነው፤ አምቦ ነው የተወለደው። አምቦ ከተወለደ ከብት ያውቃል ብዬ ወሰንኩ። ጠይቄዋለሁ? ለምን እጠይቀዋለሁ! ከብት ተራ ስንደርስ ግን ልጁ ከኋላዬ አልወጣ አለ። በሬው ጭራውን ባወናጨፈ ቁጥር ጃኬቴን ይይዛል።

«ጀርባውን ዳብሰው እንጂ!» አልኩት።

«እኔ?»

«የአምቦ ልጅ አይደለህ እንዴ?»

«ዶክ፣ የተወለድኩት እኮ ከተማው መሀል አስፋልት ዳር ነው። አባቴ ፎቶ ቤት ነው የነበረው። ከብት የማውቀው በፎቶ ነው።»

እኔ ግን አልተደናገጥኩም። ሙያዬ ለዚህም መላ አለው። «መዳበስ አያስፈልግም፤ ዋጋው ራሱ ይናገራል» አልኩት። «ውድ የተባለው ጥሩ ነው። መጥፎ ከሆነ ማን በውድ ይገዛዋል?»

«ልክ ነዎት» አለ ቶሌራ፣ ከበሬው መራቁን ብቻ ፈልጎ።

እናም ከሁሉ ውድ የተባለውን፣ ሆዱ ከበሮ የመሰለውን በሬ መረጥን። ስንከፍል ነጋዴው እንደ አብራክ ልጆቹ በፍቅር ዓይን እያየን ነበር። «ዕድሜ ይስጣችሁ፤ እንደናንተ ያለውን ያብዛልን» ብሎ መረቀን። ምርቃቱ ከልቡ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ግቢ ስወርድ አቶ ነጋሽ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ከፊታቸው አንድ ሐይቅ ተኝቷል። ከሐይቁ ማዶ የማላውቀው በሬ ታስሯል። ቀንዱ ያው የእኛው ነው፤ ሆዱ ግን የለም።

«ነጋዴዎቹ ጨው አብልተው ውሃ ሲግቱት ነው ያደሩት» አሉ አቶ ነጋሽ። «ልደታ ውሃ በቦቴ ሲመጣ አይቻለሁ፤ በበሬ ሲመጣ ግን ይኸው ዘንድሮ አየሁ።»

ወሬው ከምድር እስከ ላይኛው ፎቅ ለመድረስ ደረጃ እንኳ አላስፈለገውም፤ በመስኮት በመስኮት ወጣ። «በሬው ሟሟ» ተባለ። እኔም ሕዝብ ሲረበሽ ባለሥልጣን የሚያደርገውን አደረግኩ፤ መግለጫ አወጣሁ። ቶሌራን አጠገቤ አስቀምጬ በስልክ ግሩፓችን ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውድ ነዋሪዎች፣ ሥጋው ለሁሉም ይበቃል። የሚያልቅ ነገር የለም። ቀድሞ መምጣት ስለማያስፈልግ በበዓሉ ቀን ረፋዱ ላይ ቀስ ብላችሁ ኑ።»

የእኔ ወካይ ሰው ቢሆን ይህን አንብቦ ይረጋጋ ነበር። መግለጫ ይቀበላል፣ ያሰላል፣ ይተኛል። የእኛ ብሎክ ነዋሪ ግን መግለጫ ሲያነብ የሚያየው የተጻፈውን አይደለም። «ይበቃል ካሉ አይበቃም። የሚያልቅ የለም ካሉ ያለቀ አለ። ረፋድ ላይ ኑ ካሉ ጎህ ሲቀድ ሊከፋፈሉት ነው።» እናም የፋሲካ ዕለት ጎህ ሲቀድ እኔ አራጁን ይዤ ወደ ጋራ ማረጃው ቤት ስደርስ ሰልፉ ግቢውን ዞሯል። ከቤተ ክርስቲያን እንደመጡ ነጠላቸውን ያላወለቁ አሉ። ሁሉም ሳፋ ይዟል። ከሰልፉ ፊት ቶሌራ ቆሟል።

«አንተ!» አልኩት። «መግለጫውን ስጽፍ አጠገቤ አልነበርክም?»

«ለዛ ነዋ ቀድሜ የመጣሁት፣ ዶክ። ከሁሉም በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ነጋሽ ወንበር አስመጥተው ግንቡ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ "አትሩጡ" ተብሎ የቆመ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» ሲሉ ብቻ ሰማኋቸው።

በሬው ታረደ፤ ተገፈፈ። አራጁ እንደለመደው ጉበቱን አንስቶ ቢላዋውን ሲስል «እንዳይነካ!» ብዬ ጮህኩ። እንደ በሽተኛ አየኝ። ሁሉንም በሚዛን አስመደብኩት። ክብደት ክብደት ነው ብዬ ጭንቅላቱንም እንደ አንድ መደብ አስገባሁት። ሰዉ ቁልፉን፣ አዝራሩን፣ እንጨቱን ለዕጣ ሰጠ፤ ዕጣው ወጣ።

ሐኪም ጮማ እንዳያዩ የከለከላቸው አቶ ነጋሽ ሻኛው ሙሉውን ደረሳቸው። አፋቸው ውስጥ ሦስት ጥርስ የቀራቸው እትዬ ዘነበች የፊት እግር ከነአጥንቱ ደረሳቸው። ቤቱ ውስጥ ከአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ በስተቀር ምንም የሌለው ቶሌራ ጉበቱና ጨጓራው በአንድነት ደረሰው። ለእኔ ጭንቅላቱ ከነቀንዱ ወጣ። ከሰልፉ ኋላ የስንዱን ድምፅ ሰማሁ፦ «ተመስገን፤ እሱ እንኳ ያስፈልገው ነበር።»

ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ «እሺ፣ አሁን እንደፍላጎታችሁ ተለዋወጡ!» አልኩ።

ሁሉም ሳፋውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ ምን ይሻልዎታል?» አልኩ ነገሩን ለማስጀመር።

«ጉበቱና ጨጓራው ቢሆንልኝ። ዱለት ነው የምችለው፤ ሌላውን አላላምጠውም።»

«ይኸው! ቶሌራ አለው፤ ቶሌራ ደግሞ ማስቀመጫ የለውም። ተለዋወጡ።»

ቶሌራ ጉበቱን አየ፤ እትዬ ዘነበችን አየ፤ ጉበቱ ላይ ዓይናቸውን የጣሉትን ሌሎች ሰዎች አየ። ያን ጊዜ ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ነገር የትኛውም ቀመሬ ውስጥ አላገኘሁትም። «ትንሽ ልቆይ» አለ። «ይሄ ሁሉ ሰው የፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ነገር ቢኖረው ነው።»

«ምን አለው? ጉበት ነው! ፀሐይ እየወጣበት ነው!»

«ልቆይ፣ ዶክ።»

ወደ አቶ ነጋሽ ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሻኛውን አይበሉትም፤ ለሚበላ ይልቀቁት።»

«አልበላውም» አሉ። «ግን ስንት ዓመት ቅርጫ ስመራ ሻኛ ሙሉውን ደርሶኝ አያውቅም። ላየው ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም፤ ቅደም ተከተል አልነበረውም። አንዷ ሚዛኑ ያዳላል አለች። ሌላው የአራጁ አውራ ጣት ሚዛኑ ላይ ነበር አለ። አራጁ አውራ ጣቱን እያሳየ መማል ጀመረ። አንዱ ጎድን ለጎድን ሊለዋወጥ ተስማምቶ፣ የሌላውን ጎድን በእጁ ሲይዝ «የእኔ ይሻላል» ብሎ ሁለቱንም ይዞ ቆመ። «በአቶ ነጋሽ ጊዜ እንዲህ ነበር?» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ለከርሞ እኔ ብቻዬን በግ ነው የማርደው» የሚል ሌላ ድምፅ ተከተለ፤ «እኔም» አለ ሌላው፤ «እኔም»። ለዓመታት አብሮ የበላ ብሎክ ዓይኔ እያየ በየበሩ ሊበተን ነው።

እትዬ ዘነበች አልጮሁም። የግንቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያን የበሬ እግር ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን አስተኝተውታል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያሉት የእህታቸው ልጆች ለምሳ እንደሚመጡባቸው ነግረውን ነበር። «ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለእግሩ። የእኔ ወካይ ሰው አልቅሶ አያውቅም፤ ሲከፋው እንዴት እንደሚቀመጥ አልተጻፈም።

ፊቴን ከሳቸው ሳዞር አንድ መደብ ያለ ባለቤት ቀርቶ አየሁ። ሽንጡ ነው፤ ከሁሉም ያማረው። ቁልፉ ላይ ያለውን የበር ቁጥር አነበብኩ። የሐጂ ከድር በር ነው።

ሐጂ ከድር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሙስሊም መሆናቸውን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ ስማቸው ላይ አለ። በእኔ ዕቅድ ውስጥ ግን ስም አልነበረም፤ በር ብቻ ነው የነበረው። የድርሻ ክፈሉ መልእክት ለሃያውም በር ልኬ፣ ሃያውም በር ከፍሎ ነበር። ትርፍ ቁልፋቸውን ደግሞ ለበር ጠባቂው ሰጥተውት ስለነበር እሱ ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር ዕጣ ውስጥ ጨምሮታል።

እንደ ክፉ አጋጣሚ ሐጂ ያን ሰዓት ከደረጃው ወረዱ። «እንኳን አደረሳችሁ!» አሉ ለሁሉም።

«ሐጂ» አልኩ ሽንጡን እያሳየሁ፣ «ድርሻዎ ይኸውልዎ።»

«የምኑ ድርሻ?»

«የከፈሉበት።»

«እሱ የውሃ ፓምፑ አይደለም እንዴ?»

ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ዝንቦቹ እንኳ የዞሩ መሰለኝ።

«በራችን ተጠቅሶ ድርሻዎ ነው ሲባል የፓምፑ መስሎኝ ነው የከፈልኩት» አሉ ሐጂ። «ውሃው ዘንድሮ ሊስተካከል ነው ብዬ ለባለቤቴም ነግሬያት ነበር።»

አቶ ነጋሽ ከወንበራቸው ሆነው «እኔ በየዓመቱ ሐጂ ቤት የምገባው ላስከፍል መስሎሃል?» አሉኝ። «ለሱቅ ሲወጡ በበሬ መንገድ እንዳንዘጋባቸው በስንት ሰዓት እንደሚወጡ ልጠይቅ ነው።»

«ገንዘብዎን ዛሬውኑ እመልሳለሁ» አልኩ።

«ተዉት፣ ዶክተር። ለሚበላው ይሰጥ።» ሐጂ ዙሪያውን አዩና ዓይናቸው እትዬ ዘነበች ላይ አረፈ። «እርስዎ ምን ደረሰዎት?»

እትዬ ዘነበች እግሩን ከፍ አድርገው አሳዩአቸው። ሐጂ እግሩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «አይ ዶክተር» ብቻ ነበር ያሉት። ዶክትሬቴን የነጠቀኝ ያ ቃል ነው። ከዚያ «የእኔን እሳቸው ይውሰዱ» አሉ።

«ሐጂዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ «ግን ለዚህስ ጥርስ የታለኝ?» ብለው ሦስቱን ጥርሶቻቸውን ለሁሉም አሳዩ።

መጀመሪያ ሐጂ ሳቁ። ከዚያ እትዬ ዘነበች ራሳቸው። ከዚያ ግቢው በሙሉ። ቶሌራ ብቻ አልሳቀም፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ሳፋውን ይዞ ሄደና ጉበቱንም ጨጓራውንም እትዬ ዘነበች ሳፋ ውስጥ ገለበጠው። «እማማ፣ ይውሰዱት። እኔ ፍሪጅም የለኝ» አለ። በምትኩ ምንም አልጠየቀም። ምትክ ሳይጠየቅ የተሰጠ ነገር በቀመራችን ስሕተት ይባላል።

አቶ ነጋሽ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ሻኛውን አንድ ጊዜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ በደንብ አዩት። ከዚያ ሥጋው ተመድቦበት የነበረው ቅጠል ላይ መለሱትና «ሁሉም ይመለስ!» አሉ።

ማንም አልተከራከረም። ጎድኑም፣ ሽንጡም፣ ጭንቅላቱም ተመለሰ። ለእትዬ ዘነበች የተሰጣቸው ብቻ ለሳቸው ቀረ፤ የቀረው እንደ ድሮው ለየመደቡ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ተከተፈ። አራጁ ቢላዋውን ሲስል እያፏጨ ነበር። ለእኔም ሥራ ተሰጠኝ፦ ቅጠል ይዤ ዝንብ እሽ እንድል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ቀን ከሠራሁት ሁሉ ውጤት ያመጣው እሱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስንዱ ከቤት አስወጣችኝ። «ሂድና በየበሩ አንኳኳ» አለች።

«ለከርሞ ምን እንደሚፈልጉ ልጠይቅ?»

«መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቅ። ምን እንደሚፈልጉ ሳትጠይቃቸው ይነግሩሃል።»

አንኳኳሁ። በየበሩ «ግባ እንጂ!» ተባልኩ። በየቤቱ ተቀመጥኩ፣ በየቤቱ ብላ ተባልኩ፣ በየቤቱ ወሬ ሰማሁ። አንዱ ስኳር አለበት፤ አንዷ እርጉዝ ስለሆነች የሥጋ ሽታ ያጥወለውላታል፤ አንዱ ደግሞ ቅርጫ የሚገባው ሥጋ ወዶ ሳይሆን ጠዋት ከሰው ጋር ለመቆም ነው። ሐጂ ቤት ሻይና ብስኩት ቀርቦልኝ ስለ ፓምፑ አንድ ሙሉ ሰዓት ተወያየን። ለካ አቶ ነጋሽ በየበሩ ለመዞር ሳምንት የሚፈጅባቸው ወደው አይደለም።

እትዬ ዘነበች ቤት ስደርስ ቀበቶዬን ፈትቼ ነበር። የእህታቸው ልጆች ትሪውን ከበዋል። ዱለቱ በቅቤ ይንተከተካል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«ለምኑ?» አሉ። ረስተውት ይሁን ይቅር ብለውኝ ይሁን አላወቅኩም። «ቁጭ በልና ብላ።»

«ዱለት አልበላም።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

«ቀምሰኸው ታውቃለህ?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። እንደማልወደው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ቀምሼው ግን አላውቅም። ይህን ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ከተቱበት።

አላመጥኩ። ልጆቹ አፌን አፌን ያዩኛል።

«እህስ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

አፌን ለሌላ ጉርሻ ከፈትኩ።